አረጋውያን ላይ የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ፦ «ኔጌቲቭ» ሲመጣ ምን እንጠይቅ?

ጤና መኮንን አጋሮ

ሰላም ለመድረኩ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ እንዴት እንደምንመረምር ሰፋ አድርገን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። በጤና ጣቢያና በክሊኒክ ደረጃ በብዛት የሚገኙት ሁለት ካሴቶች (ውጤቱን በመስመር የሚያሳዩ ፈጣን መመርመሪያዎች) ናቸው። አንዱ ሰገራ ውስጥ የባክቴሪያውን አንቲጅን (የራሱን አካል ቁራጭ) ይፈልጋል፣ ሌላው ደም ውስጥ አንቲቦዲ (ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን) ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጌቲቭ» ብቻ ተብሎ ይጻፍና በየትኛው እንደተሠራ ሳይታወቅ ይቀራል።

ለመነሻ ሦስት ነገር ላንሳ። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ወራት ሙሉ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ካፕሱል) ሲወስዱ ቆይተው የሰገራ ምርመራቸው ኔጌቲቭ ቢሆን ውጤቱን እንቀበለው? መድኃኒቱን ማቋረጥ የማይችሉትንስ ምን እናድርግ? ከአጋሮ ወደ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ናሙና ስንልክ መንገድ ላይ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ሐኪም ዘጊቤ

ወንድሜ፣ ዋናውን ቦታ ነው የነካኸው። በመጀመሪያው ልጀምር፤ የሌሎቹም መልስ ከዚያ ይመዘዛል።

አብዛኛው ሰው ይህ ባክቴሪያ የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ ካልታከመ አብሮት ያረጃል። በዐሥርት ዓመታት የቆየ የጨጓራ መቆጣት ሽፋኑን ያሳሳዋል፤ አሲድ የሚያመነጩት ዕጢዎች እየጠፉ ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ የጨጓራው ሽፋን የአንጀት ሽፋን መምሰል ይጀምራል። እንዲህ የተለወጠ ቦታ ለባክቴሪያው አይመቸውም። ቁጥሩ ይመነምናል፤ የተረፈውም አንትረም ከሚባለው ከታችኛው የጨጓራ ክፍል ወጥቶ ወደ መካከለኛውና ወደ ላይኛው ይሸሻል። በዚህ ላይ ኦሜፕራዞል ሲጨመር ያው ነገር ይደገማል፤ አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው ያንሳል፣ ወደ ላይም ይሸሻል። ስለዚህ ኦሜፕራዞል የሚወስድ የ70 ዓመት ሰው ላይ ሁለቱ ምክንያቶች ተደራርበው ይገኛሉ።

ካሴቱ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በታች ያለ አንቲጅን አያይም። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ባክቴሪያው የለም፣ ወይም አለ ግን ካሴቱ ከሚያየው በታች ነው። በወጣት ላይ ሁለተኛው ብዙ አያሳስብም። በአረጋዊ ላይ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ለማሳያ ያህል በቁጥር እናስላው፤ ቁጥሩን ለስሌት ብቻ የመረጥኩት ነው። 100 ሰው መጣ እንበል፣ 50ው ባክቴሪያው አለባቸው። ምርመራው ካለባቸው ውስጥ ከ100 90ውን የሚይዝ ከሆነ 5 ሰው ያመልጠዋል፤ ከሌለባቸው 50 ጋር በአጠቃላይ 55 ሰው ኔጌቲቭ ይባልና ከእነሱ ውስጥ 5ቱ ታማሚ ናቸው፣ ማለትም ከ11 አንዱ። በኦሜፕራዞል ምክንያት የመያዝ አቅሙ ወደ 70 ቢወርድ 15 ሰው ያመልጣል፤ ኔጌቲቭ ከተባሉት 65 ሰዎች 15ቱ ታማሚ ናቸው ማለት ነው፣ ከ4 አንድ ሊሆን ምንም አይቀረው። ካሴቱ ያው ነው፣ ሠራተኛውም ያው ነው፤ የውጤቱ ትርጉም ግን ተለወጠ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ የሰገራ አንቲጅን ፖዘቲቭ ከሆነ እመነው፤ መድኃኒቱ በውሸት ፖዘቲቭ አያደርግም። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን ምርመራው እንዳልተሠራ ቁጠረው።

ላብ ጅማ

የዶክተሩ ሐሳብ ላይ የናሙናውን ነገር ልጨምር፤ ከኔጌቲቮቹ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚመጣው ካሴቱ ገና ሳይከፈት ነው።

ሰገራው ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ይምጣ። በወረቀት ተጠቅልሎ ወይም በክብሪት ቤት የመጣ ናሙና ለአንቲጅን አይሆንም፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ይመጥና ናሙናው ይደርቃል። ሽንትና ውኃ አይንካው። የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ይበቃል፤ ግን ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከሦስት አራት ቦታ ይነካካ፣ አንቲጅኑ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝምና። የኪቱ ዱላ ጎድጎድ ያለው ጫፍ ላይ የያዘው ብቻ ይበቃል። በዛ ብሎ ከተጨመረ ፈሳሹ ካሴቱ ላይ መሄድ ያቅተውና የመቆጣጠሪያው መስመር ሳይወጣ ይቀራል፤ ያ ውጤት አይደለም፣ ይደገማል። በጣም ውኃማ ተቅማጥ ደግሞ አንቲጅኑን ያቀጥነዋል። በሚያስቀምጥ ወይም በሚያለሰልስ መድኃኒት የወጣ ከሆነ ጠብቆ በማግሥቱ መውሰድ ይሻላል።

የሆድ ድርቀትም ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ አረጋውያን ላይ ደግሞ የተለመደ ነው። ሰገራ አንጀት ውስጥ አራት አምስት ቀን ሲቆይ አንቲጅኑ እዚያው ሊፈራርስ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ «በስንት ቀን ይወጣል?» የምትል ቦታ ቢኖር ደስ ባለኝ።

የአጋሮው ጥያቄ፦ ናሙናው በዕለቱ ካልተሠራ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ብዙዎቹ ኪቶች በዚህ ሁኔታ እስከ 72 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ የእናንተ ኪት ወረቀት የሚለውን ተከተሉ። በሚኒባስ ኪስ ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር ተቀምጦ የመጣ አይሆንም። የክትባት ማመላለሻ ዓይነት ሣጥን ከቀዘቀዘ በረዶ ጋር በቂ ነው፤ ናሙናው ግን በረዶውን በቀጥታ አይንካ፣ ከክትባትም ጋር በአንድ ሣጥን አይጓዝ። እንደደረሰ ካሴቱም ናሙናውም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለሱ ይጠበቃል። ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተሠራ ካሴት ደካማ መስመር ይሰጣል።

ንባቡ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ደካማ መስመርን ኔጌቲቭ ማለት ነው፤ በተባለው ደቂቃ ውስጥ የወጣ መስመር፣ ምንም ያህል ቢደበዝዝ፣ ፖዘቲቭ ነው። ሁለተኛው ካሴቱን ትቶ ሌላ ሥራ ሠርቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማንበብ ነው። ኪቱ 10 ደቂቃ ካለ በ10 ደቂቃ ይነበባል። ሲደርቅ የሚወጣ ጥላ መስመር አይደለም።

ፋርማሲ መርካቶ

ከመድኃኒት በኩል። የመጠበቂያ ጊዜው ይህ ነው፦ ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞልና ላንሶፕራዞል ቢያንስ 2 ሳምንት፤ ማንኛውም አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት፤ ቢስሙዝ ያለበት 4 ሳምንት። ይህ ለሰገራም፣ ለትንፋሽም፣ ለባዮፕሲም (ከጨጓራ ተቆርጦ ለሚመረመር ቁራጭ) ይሠራል። ለደም አንቲቦዲ አያስፈልግም።

ሲጠየቁ «መድኃኒት አልወስድም» የሚሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ዋሽተው አይደለም። የጨጓራ ክኒን ከደም ግፊትና ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲያያዝ እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም። «ከምግብ በፊት ጠዋት የሚዋጥ ካፕሱል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ቤት ያለውን በሙሉ በፌስታል አምጡ ማለት ነው። ለሽንት ቧንቧ ወይም ለሳል የተወሰደ አንቲባዮቲክም በዚያው ይገኛል፤ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ባክቴሪያውን ሳያጠፉ ለጊዜው ያዳክሙታል።

ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም አሲዱ ከበፊቱ በላይ ይነሣበታል። ይህን አስቀድሞ ያልነገሩት ሰው በሦስተኛው ቀን ካፕሱሉን መልሶ ይጀምርና ለምርመራ ሲመጣ «አቁሜያለሁ» ይላል። በመሃል የሚያስታግሱ የአሲድ ማርከሻ ሽሮፖች ይፈቀዳሉ። ግን ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዢየም ያለበትን ማብዛት የለበትም፤ አሉሚኒየም ያለበት ደግሞ ድርቀት ያመጣል፣ ድርቀት የሚያደርገውን ላብ ጅማ ነግሮናል። ፋሞቲዲንም ይቻላል፤ ከምርመራው አንድ ሁለት ቀን በፊት ይቁም። ሲሜቲዲንን ለአረጋዊ አልመርጥም፤ ግራ መጋባትና መቃዠት ያመጣል፣ የደም ማቅጠኛውን የዋርፋሪንንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን የፌኒቶይንንም መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል።

ተልባ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ማቆም ከሚያስፈልጋቸው ነገሮች ውስጥ አይደለም። ልሃጩ ግን መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገይ ስለሚችል ከክኒን ጋር በአንድ ሰዓት አይጠጣ።

ቦሳ ክሊኒክ

እንግዲያው የደም አንቲቦዲውን ካሴት ለምን ጨርሶ አንጥለውም? አረጋውያን ላይ ሁሉም ፖዘቲቭ ነው የሚሆነው፤ ታክመው የዳኑትም ጭምር። ለአንድ ሕመም ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው በዚሁ ካሴት ምክንያት ነው።

ሐኪም ዘጊቤ

ግማሹን እቀበላለሁ። አንቲቦዲ ከታከሙ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «ድኗል ወይስ አልዳነም?» ለሚለው ጥያቄ ፈጽሞ አይሆንም። ቀድሞ የታከመ ሰው ላይም አይሠራ። በዚህ ካሴት ብቻ ሕክምና መጀመርም ትክክል አይደለም።

ግን አንድ ቦታ አለው። አንቲቦዲ በኦሜፕራዞል አይቀንስም፣ በመድማት አይቀንስም፣ ሽፋኑ ሲሳሳም ቶሎ አይጠፋም። ያነሳኸው ሁለተኛው ጥያቄ፣ የአጋሮው ወንድሜ፣ መልሱ እዚህ አለ። በቅርቡ ከጨጓራ የደማ ሰው፣ ወይም ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብሮ የሚወስድ አረጋዊ፣ ለምርመራ ተብሎ ኦሜፕራዞል አይቋረጥበትም፤ ቢደማ የሚከፍለው ዋጋ ከምርመራው ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ሰገራው ይመርመር፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። ኔጌቲቭ ከሆነና ከዚህ በፊት ታክሞ የማያውቅ ከሆነ፣ በላቦራቶሪ በኤላይዛ (በመሣሪያ የሚለካ የደም ምርመራ) የተሠራ አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ ይጠቅማል፤ በተለይ ቁስለት እንዳለበት በኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ ጨጓራን በማየት) ከታየ። የጣት ደም ካሴትና ኤላይዛ አንድ አይደሉም፤ የካሴቶቹ ጥራት በጣም ይለያያል።

ስለዚህ አትጣለው፣ ወረቀቱ ላይ ግን «አንቲቦዲ» ተብሎ ይጻፍ።

ሲስተር ኪቶ (ኢንዶስኮፒ)

ኢንዶስኮፒው ላይ የሚበላሸውን እኔ ልንገራችሁ።

የአሜሪካና የካናዳ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው የጨጓራ ሕመምተኛ መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ እንዲታይ ይመክራሉ። ምክንያቱ ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ካንሰር እንዳያመልጥ ነው። ሁሉም ሰው ወዲያው ተራ እንደማያገኝ አውቃለሁ። ክብደት የቀነሰ፣ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማነስ ወይም ሆዱ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ያለው ግን የሰገራ ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ይላክ።

ከገቡ በኋላ ናሙናው ከአንትረም ብቻ ከተወሰደ አረጋዊ ላይ ስሕተት ነው፤ ዶክተሩ እንዳሉት ባክቴሪያው ወደ ላይ ሸሽቷል። ሲድኒ የሚባለው የባዮፕሲ አወሳሰድ አሠራር አምስት ቁራጭ ይላል፦ ሁለት ከአንትረም፣ አንድ ከመታጠፊያው፣ ሁለት ከመካከለኛው ክፍል። የአንትረሙና የላይኛው በተለያየ ጠርሙስ ይግቡ፤ ከተደባለቁ ቁራጩን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ሽፋኑ የሳሳው የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አይችልም። ቁስለት ካለ ደግሞ ከቁስሉ ጠርዝ ዙሪያ ስድስትና ከዚያ በላይ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ጨጓራው ላይ ያለ ቁስል ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እንደገና ይታያል።

አሁን በዝምታ ውጤት የሚያበላሸው፦ ፈጣኑ የዩሪየስ ምርመራ። ባክቴሪያው ዩሪየስ በሚባለው ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያ ሲሰብር ቁራጩ የገባበት ጄል ከቢጫ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ፎርማሊን ይህን ኢንዛይም ይገድለዋል። የባዮፕሲ መቆንጠጫው መጀመሪያ ፎርማሊን ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ከተመለሰ በኋላ ለጄሉ የሚወሰደው ቁራጭ በውሸት ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ የጄሉ ቁራጭ ሁልጊዜ ቀድሞ ይወሰድ። ጄሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ሙቀት ይያዝ፤ አረጋዊ ላይ አንድ ከአንትረም አንድ ከላይ፣ ሁለት ቁራጭ ይግባ። በ1 ሰዓት፣ በ3 ሰዓትና በ24 ሰዓት ይነበባል። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀላውን አትቁጠሩት፤ አሲድ በሌለው ጨጓራ ውስጥ ዩሪየስ ያላቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ደም ባለበት ጨጓራም ጄሉ ሳይለወጥ ሊቀር ስለሚችል፣ እየደማ የተገኘ ኔጌቲቭ ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይደገማል።

አዘገጃጀቱ ላይ፦ ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት። ስኳር ላለባቸው ተራው የጠዋት ይሁን፤ ኢንሱሊኑም እንደ ጾሙ ይስተካከል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውጣ። አስፕሪን ለባዮፕሲ ተብሎ አይቆምም። ዋርፋሪን የሚወስዱ ቀድመው አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ይለኩ፤ ከሕክምናው ወሰን ካለፈ ቀጠሮው ይገፋል። ማስታገሻው ከወጣት መጠን በግማሽ ገደማ ተጀምሮ በዝግታ ይጨመራል፤ ኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ ይቆይ። ጉሮሮ ላይ ሊዶካይን ከተረጨ ስሜቱ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ያህል ምግብም ውኃም የለም። አረጋዊ ትን ካለው ጣጣው ሳንባ ምች ነው።

ጤና መኮንን አጋሮ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቁር ሰገራ ያሉት ላይ አንድ ነገር፦ ለደም ማነስ አይረን የሚወስዱት ሁሉ ሰገራቸው ይጠቁራል። እንዴት ትለዩታላችሁ?

ሐኪም ዘጊቤ

የአይረን ጥቁረት ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሰገራው ቅርጽ ይኖረዋል፣ ሽታውም የተለመደው ነው። የደም ጥቁረት እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ሽታው የተለየና ከባድ ነው። ጥርጣሬ ካለ በጓንት ፊንጢጣ መመርመር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የልብ ምትና የደም ግፊት ተኝቶም ቆሞም ይለካ። ሄሞግሎቢን ከወንድ 13፣ ከሴት 12 ግራም በዴሲሊትር በታች ደም ማነስ ነው፤ ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወሰኑ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይታያል።

አረጋውያን ላይ ይህ ባክቴሪያ ያለ ምንም ማቃጠል በደም ማነስ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፤ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለጉልበት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ተሸፍኖ ቁስሉ በመድማት ነው የሚታወቀው። አይረን እየተሰጠ ከፍ የማይል ሄሞግሎቢን ካለ ባክቴሪያውን ፈልጉ። ቢ12ንም አብራችሁ እዩ፤ ሽፋኑ የሳሳ ጨጓራ ቢ12ን አያስገባም፣ ኦሜፕራዞልና የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም ያባብሱታል።

ደግሞ ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ሁልጊዜ «ጨጓራዬ ነው» የሚሉ የ65 ዓመት አባት ዛሬ ድንገት የእምብርት በላይ ሕመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ይዘው ከመጡ ካሴት አይነሣ። መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)። የልብ ሕመም በዚህ ዕድሜ፣ በተለይ ስኳር ካለ፣ ጨጓራ መስሎ ይመጣል።

ቦሳ ክሊኒክ

የትንፋሽ ምርመራውስ? የሚገኝበት ቦታ ሲላክ አረጋውያን ላይ ያስቸግራል ይባላል።

ላብ ጅማ

በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ከሰገራው ጋር የሚተካከል ነው። በሚጠጣው ዩሪያ ላይ ምልክት የሆነውና ትንፋሽ ውስጥ የሚለካው ካርቦን 13 ጨረር የለውም። 6 ሰዓት ጾሞ የመጀመሪያው ትንፋሽ ይወሰዳል፤ 75 ሚሊ ግራም ዩሪያ ከሲትሪክ አሲድ ጋር ይጠጣል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ይወሰዳል። የሚያስቸግረው ሰውየው ቱቦው ውስጥ አስተካክሎ መንፋት ሲያቅተው፣ የመርሳት ሕመም ሲኖር፣ ወይም ጨጓራው በቀዶ ጥገና ተቆርጦ መጠጡ ቶሎ ሲያልፍ ነው። ከጠጣ በኋላ በግራ ጎኑ ማስተኛትና አፉን ማስጉመጥመጥ ይረዳል፤ የአፍ ባክቴሪያም ዩሪየስ አለውና። ወሰኑ አካባቢ የወደቀ ውጤት ይደገማል።

ቤት ለቤት ነርስ

እኔ የምጠይቀው አልጋ ላይ ስለዋሉት እናቶችና አባቶች ነው። ዳይፐር የሚጠቀሙትን ናሙና እንዴት ትቀበላላችሁ? ከታከሙስ በኋላ መቼ ነው የምንደግመው?

ላብ ጅማ

እህቴ፣ ዳይፐሩ ፈሳሹን ስለሚመጥ ከላዩ ላይ ያልተነካውን፣ ሽንት ያላገኘውን ክፍል በእንጨት ማንኪያ አንሥተሽ ወዲያው ዕቃው ውስጥ ክተቺው። የሚቻል ከሆነ ዳይፐሩ ውስጥ ንጹሕ ፌስታል ገልብጦ ማንጠፍ ይሻላል። የተወሰደበት ሰዓት ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይለዋወጣል።

ፋርማሲ መርካቶ

የመድገሚያውን ቀን ለቤተሰቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጡ፣ «ከአራት ሳምንት በኋላ» አትበሉ። የመጨረሻው የአንቲባዮቲክ ቀን ጥቅምት 5 ከሆነ 28 ቀን ሲቆጠር ህዳር 3 ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ናሙና አይወሰድ። ኦሜፕራዞሉ ደግሞ ከጥቅምት 19 በኋላ አይዋጥ፤ የደሙት ወይም አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የሚወስዱት ግን ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አያቁሙ። ምርመራው የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ነው፣ የደም አይደለም። በመሃል ለሳል ወይም ለሽንት አንቲባዮቲክ ከጀመሩ ቆጠራው ያ ካለቀበት ቀን እንደገና ይጀምራል።

ጤና መኮንን አጋሮ

ጥያቄ ወረቀታችን ላይ ከሰኞ ጀምሮ አራት መስመር እንጨምራለን፦ የምርመራው ዓይነት አንቲጅን ወይስ አንቲቦዲ፣ ኦሜፕራዞል የተወሰደበት የመጨረሻ ቀን፣ አንቲባዮቲክ የተወሰደበት የመጨረሻ ቀን፣ በስንት ቀን እንደሚወጣ። ላብ ጅማ፣ ሣጥኑ ማክሰኞ በጠዋቱ መኪና ይደርሳችኋል፤ ሰዓቱ ዕቃው ላይ ተጽፏል።